በሳፋና በቃጫ ያረባኋቸው ዓሣዎች

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው አቶ ጌታቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የመልቀቂያ ቅጼን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «አንድ ጭልፋ፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ። ሁሉም ተመልሷል። ዓሣዎቹስ፣ ብርቄ?» አለኝ።

የቆየ ቀልዱ ነው። ዓሣዎቹ በምንም መዝገብ ላይ ኖረው አያውቁም። ሁለታችንም ገና ወጣት ሳለን፣ በአንድ የንብረት ቆጠራ ጊዜ፣ «ቋሚ ንብረት ልበላቸው ወይስ አላቂ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ኧረ እነሱ ይወልዳሉ!» ስለው፣ «ለሚወልድ ንብረት ቅጽ የለኝም» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር ስለ እነሱ ሳይጠይቀኝ አያልፍም።

«ሞቱ» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ፈረመና ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንደሚሰጡት አድርጎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ሰው ከሥራ ሲሰናበት ስለ ሹመቱና ስለ ምስጋና ወረቀቱ ያወራል። እኔ ሹመት አላየሁም፤ የምስጋና ወረቀት አንድ አለኝ፣ ስሜ ተሳስቶ የተጻፈበት። የማወራው ስለ እነዚያ ዓሣዎች ነው። ቤቴ ግቢ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ አርብቻቸዋለሁ። የወጡበት ጅረት ውስጥ ጠፍተው ስለነበር፣ ከእኔ ጋ ካልሆነ የትም የሉም ብዬ ነበር የማምነው። እነሱ በአንድ ቀን ሲያልቁ ታዲያ ዘራቸውን ከምድር ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ፣ ያንን ተሸክሜ ነው ከመሥሪያ ቤቱ በር የወጣሁት።

ሥራ የጀመርኩት በጽዳት ነው። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ዲላ ውስጥ ወባን የሚከላከል አንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለና አባቴ በጠዋት ይዞኝ ሄደ። ደመወዙ ትንሽ ነበር። ሳሙናው የመሥሪያ ቤቱ ነው ሲባል ግን እናቴ ደስ አላት።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጓሮውን ስጠርግ ወገቡ ላይ የተቆረጠ በርሜል አገኘሁ። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ ዝልግልግ ያለ ነገር ተለጥፎበታል። አይ የእነዚህ ሰዎች ቸልተኝነት ብዬ ቀሚሴን ሰብስቤ ልደፋው ሳጋድም፣ ከኋላዬ «ቁሚ! አንቺ ልጅ፣ ቁሚ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ጋሽ ዱካለ ነበር። የጌዴኦ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ቦት ጫማው እግሩ ላይ የሚንቋቋ። የመሥሪያ ቤቱ የመስክ ቴክኒሻን ስለነበር ነጭ ጭልፋ ይዞ ከረግረግ ረግረግ እየዞረ የወባ ትንኝ እጭ ይፈልግ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በእርጋታ «ምን አየሽ?» አለኝ።

«ቆሻሻ ውሃ።»

«እሺ። አሁን ወደ ጎን ነይ። ጥላሽን አትጣይበት። አሁንስ?»

ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ብር የመሰለች፣ የትንሿን ጣቴን አንጓ የምታህል ዓሣ ናት። ጎኗ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ፣ አንድ ሰው በእስክሪብቶ እየለካ ያስቀመጣቸው ይመስላሉ። ቀጥሎ ሌላ መጣች። ቀጥሎ ብዙ። ጋሽ ዱካለ ከጭልፋው ውስጥ የሚርመሰመሱ እጮች ገለበጠባቸው። አሥር ቆጥሬ ሳልጨርስ አንድም እጭ አልቀረም።

«ከየት አገር አመጣሃቸው?» አልኩት።

«ከታች ካለው ጅረት ነዋ! የእኛው ናቸው። ሰው ስለማይበላቸው ስም እንኳ ያወጣላቸው የለም።»

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሰው ውሃ በበርሜል፣ በገንዳ፣ በጉድጓድ ያጠራቅማል፤ ትንኝ እዚያ ትፈለፈላለች። በየበርሜሉ አራት አምስት ዓሣ ከተለቀቀ ትንኟ ሳትወለድ ታልቃለች። ለዚያ ደግሞ ብዙ ዓሣ ያስፈልጋል፤ ጅረቱን ሁልጊዜ መዝረፍ አይቻልም። ስለዚህ ማርባት ነበረበት። ጽዳቱን ስጨርስ ከእሱ ጋር እየዋልኩ፣ በሁለተኛው ዓመት መጥረጊያውን ትቼ የመስክ ረዳት ሆንኩ።

ማርባት ማለት መቀለብ እንዳይመስላችሁ። ለብቻዋ ብትተዉአትም አንዲት ዓሣ ታድጋለች። ችግሩ እናትየው እንቁላሏን ትበትንና ዞር ብላ ራሷ ትለቅመዋለች። ጋሽ ዱካለ ይህን የፈታው በቃጫ ነው። እንሰት ሲፋቅ የሚቀረውን ቃጫ ሦስት ጊዜ ይቀቅለዋል፣ ውሃው ጠላ መምሰሉን ሲተው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ከዚያ እንደ ሹሩባ ፈትቶ በሳፋው ውስጥ ያንሳፍፈዋል። ዓሣዋ ቃጫው ውስጥ ገብታ ትጥላለች፤ እንቁላሉ ፀጉሩ መሃል ይደበቃል። እኛ ጠዋት ቃጫውን እንዳለ አንስተን ወደ ሌላ ሳፋ እናዛውራለን፤ እናትየው ስትፈልግ ትውላለች።

መቼ እንደምትጥልም ዝም ብሎ አይታወቅም። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ከቆርቆሮ የወረደውን ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጣሳ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በአንድ ጣሳ እያልን እንጨምርላቸዋለን። ጅረቱ የሞላ ይመስላቸዋል። ወንዶቹ መሯሯጥ ይጀምራሉ፤ የሴቶቹ ሆድ ይነፋል። በሁለት ቀን ውስጥ የሚፈለፈለው ልጅ ሁለት ዓይንና አንድ ክር ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። አፉ በጣም ትንሽ ስለሆነ እጭ አይውጥም። ለእሱ የደረቀ የእንሰት ቅጠል በጠርሙስ ውሃ ውስጥ አድርገን ፀሐይ ላይ እናቆያለን፤ ውሃው ሲደፈርስ ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይሞሉበታል። በቀን ሁለት ጊዜ በማንኪያ። ከሳምንት በኋላ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በነጠላ ቁራጭ ቋጥረን ውሃው ውስጥ እንጨምቅላቸዋለን። ልጄ ሕፃን ሳለች እናቴ፣ «ለእሷ እንዲህ ብትጠበቢ ኖሮ አትከሳም ነበር» ትለኝ ነበር።

ጋሽ ዱካለ የራሱ ወግ ነበረው። ጠዋት ዓሣዎቹን ቆጥሮ ሳይጨርስ ለማንም ሰላምታ አይሰጥም። አለቃችን «እንደምን አደርክ» ሲለው አንድ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ዞር ብሎ ኮፍያውን አውልቆ ሁለት እጥፍ ሰላም ይላል። አዲስ ምግብ ከመጣ ለአንድ ሳፋ ብቻ ይሰጥና አንድ ቀን ይጠብቃል፤ ደህና ካደሩ ለሌሎቹ። ክረምት ሲያልፍ ደግሞ ግማሹን ዓሣ ለሰው ያድላል። «ጋሼ፣ ስንት ደክመንባቸው!» ስለው፣ «በሽታ ቢገባስ? በርሜሉ ቢያፈስስ? ሌላ ሰው ጋ ከሌሉ በኋላ ከማን ትለምኛለሽ?» ይለኛል።

አለቆች ብዙ አየሁ። አንዱ ዓሣዎቹን ለእንግዳ ማሳየት ይወድ ነበር፤ አንዱ እዚያ ጓሮ መኖራቸውን ሳያውቅ ተዛወረ። አንዱ ግን መጣና፣ «በመንግሥት ግቢ የእንስሳት እርባታ ማን ፈቀደ?» ብሎ በሳምንት ውስጥ እንድናነሳቸው አዘዘ። መድኃኒትና አጎበር በብዛት መምጣት ጀምሮ ስለነበር የዓሣው ነገር ኋላ ቀርነት መስሎታል። ጋሽ ዱካለ ተከራይ ነበር፣ ግቢ የለውም። በፈረስ ጋሪ ጭነን ወደ እኔ ቤት አመጣናቸው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ዓሣ ለመብላት ሲገዛ ሰምቻለሁ፤ ለማሳደር ግን ማን ሰምቶ ያውቃል!» አለች። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የተበላሸ ፍሪጅ ከሆነ ሰው ቤት ለምኖ አመጣልኝ፤ በጀርባው አስተኝተን በሩን ነቅለን ውሃ ሞላነው። እስካሁን ከዚያ የተሻለ የዓሣ ቤት አላየሁም፤ ቀን አይሞቅ፣ ማታ አይቀዘቅዝ።

ጋሽ ዱካለ ጡረታ ወጥቶም ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይቆጥር ነበር። ከዚያ አረፈ። ቀብሩ ላይ ሰዎች ስለ ትሕትናው ብዙ ተናገሩ፤ ስለ ዓሣዎቹ የተናገረ አልነበረም። እኔም ማልቀስ በዝቶብኝ አልተናገርኩም።

ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ከሁሉም የማልረሳው ወናጎ አጠገብ ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ገንዳ ነው። ከጥምቀት እስከ ጥምቀት ውሃው ይቆማል፤ ትንኝ እንደ ጉድ ይፈላበታል። ፓስተሩን ለምኜ ሃያ ዓሣ ለቀቅኩበት። በወሩ እጭ ጠፋ። ከዚያ የጥምቀቱ ቀን ደረሰ። አንድ ወፍራም የቡና ነጋዴ ውሃው ወገቡ ድረስ ደርሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሳለ ድንገት ዘሎ ጮኸ።

«ፓስተር! እግሬን እየበሉኝ ነው!»

ፓስተሩ አልደነገጠም። «አይዞህ፣ እነሱ ከአንተ በፊት የተጠመቁ ናቸው» ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ውሃው አስገባው። ምእመኑ በሳቅ ፈረሰ፤ መዘምራኑ ሳይቀሩ መዝሙር መጀመር አቃታቸው። በማግስቱ ስድስት ሰው ዓሣ ሊለምን ቤቴ መጣ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በአምስት ዓመት ስብሰባ አይገኝም።

ከይርጋጨፌ ወዲያ ያለው የገደብ ወረዳ ግን አሳፈረኝ። ሁለት ዓመት እዚያ ስመደብ የቤቶቹን ለባለቤቴ አደራ ትቼ ጥቂት ዓሣዎች ይዤ ሄድኩ። አገሩ ብርድ ነው። ቃጫውን ቀቀልኩ፣ ዝናቡን በጣሳ ጨመርኩ፣ ለመንኳቸው ማለት ይቀላል፤ አንዲት እንቁላል አልጣሉም። ደብተሬ ላይ «ከይርጋጨፌ ወዲያ አይረቡም» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ወደ ዲላ ስመለስ የተረፉትን በጀሪካን ይዤ፣ መንገድ ላይ በሥራ የማውቃት ሴት ጋ ለመሰናበት ኢዲዶ ገባሁ። አየለች ትባላለች፤ የቡና ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች። ዓሣዎቹን ስታይ፣ «ይሄ ምን ያደርጋል? ለወጥ አይሆን!» ብላ ሳቀች። ጀሪካኑ ስለከበደኝ እንጂ ይተርፋሉ ብዬ አይደለም፤ ገንዳዋ ውስጥ ገልብጬላት ሄድኩ። ስሟን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ከዚያ ረሳኋት።

እየቆየ ጠያቂው ቀነሰ። ሰው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ታንከር ገዛ። የወሰዱትም ቢሆኑ አንዷ ገንዳዋን ስታጥብ በረኪና ጨመረችባቸው፤ አንዱ ደግሞ ለእንግዳ ጠብሶ አቀረባቸውና «አጥንት ብቻ ናቸው» ብሎ ቅሬታውን ለእኔ ነገረኝ። ተናደድኩ። ሰው ይገድላቸዋል፣ እኔ ጋ ይሻላሉ ብዬ ግማሹን መስጠት ተውኩ። ከታች ያለው ጅረትም በየጊዜው ከላይ የሚለቀቅበት ቆሻሻ በዝቶ፣ ጭልፋዬን ብነክር ጥቁር ጭቃ ብቻ የሚወጣበት ሆነ። ሰባት ሳፋና አንድ ፍሪጅ፣ ዘራቸው ሁሉ ግቢዬ ውስጥ። ኩራትም ይሰማኝ ነበር፤ ጭንቀትም። ልጄ ሐዋሳ ስትወልድ እንኳ ሁለት ቀን አድሬ ነው የተመለስኩት።

ጡረታዬ አራት ወር ሲቀረው ሙቀጫዬ ተሰነጠቀ። የማበላቸው የስንዴ ፉርሽካና የደረቀ ጉበት አብሮ የተወቀጠ ነው፤ ስለዚህ የጎረቤቴን የወይዘሮ ዘነበችን ሙቀጫ ተዋስኩ። ዘነበች ከእኔ ጋር አጥር ብቻ ነው የሚለየን፤ እንቁላልም እሳትም እንዋዋሳለን። ወቀጥኩ፣ ለሁሉም ሳፋ በተንኩላቸው፣ ገብቼ ሻይ ቀዳሁ።

ሻዩን ሳልጨርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል፤ የካፊያ ይመስላል። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ወጣሁ። ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ላይ መጥተው አየር ይጎርሳሉ። አንዳንዶቹ እንደ ሰካራም በጎናቸው ይዋኛሉ፤ ሆዳቸው ነጭ ሆኖ ይታያል። ውሃ ቀየርኩ። ከቧንቧ፣ ከታንከር፣ ከጎረቤት። በባልዲ እየሮጥኩ ከአንዱ ሳፋ ወደ ሌላው። ቀትር ሲሆን የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ፍሪጁ ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ መጨረሻ ሞቱ።

ዘነበች ጩኸቴን ሰምታ መጥታ ነበር። ምን እንዳበላኋቸው ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሄዳ ሙቀጫውን አነሳች፣ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ከዚያ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ብርቄ... ባለፈው ሳምንት ብርብራ ወቅጬበታለሁ። ለዶሮዎቹ ቅማል።»

ብርብራን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። የቡናችን ጥላ ነው፤ በየማሳው ቆሟል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣ እንደሚያሰክርና እንደሚገድልም ልጅ አዋቂው ያውቃል። እኔ ራሴ ዓሣ የሰጠኋቸውን ሰዎች፣ «ብርብራ ከውሃው አርቁ» ሳልል ያለፍኩበት ቀን የለም።

«አጥቤዋለሁ! እግዜር ያውቃል፣ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ!» ትላለች እያለቀሰች። እንጨት ነው እንግዲህ፤ የጠጣውን በቀላሉ አይመልስም።

እሷን አልወቀስኳትም። የወቀስኩት ራሴን ነው። ለአንድ ሳፋ ሰጥቼ አንድ ቀን ብጠብቅ ኖሮ ሌሎቹ ይተርፉ ነበር። ምግቡ ያው የሁልጊዜው ነው ብዬ ነዋ! ምግቡ ያው ነበር፤ አዲሱ ሙቀጫው ነበር። ግማሹን ለሰው ብሰጥ ኖሮም ዛሬ የምለምነው አላጣም ነበር። ጋሽ ዱካለ ካስተማረኝ ሁለቱን ትልልቅ ነገር ጥዬ፣ ቃጫ መቀቀሉን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

አንድ ሳምንት ሳንነጋገር ቆየን። እኔ አዝኜ፣ እሷ አፍራ። በሳምንቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ደብተር ነበረሽ አይደል? ዓሣ የሰጠሻቸው ሰዎች ስም ያለበት?»

«አለ። ምን ያደርጋል?»

«አምጪውና እንዙር። አንድ ሰው ጋ አይጠፋም።»

ዞርን። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ ደብተሩን ይዤ፣ እሷ ባዶ ጀሪካን ይዛ። ዲላ ውስጥ ያሉትን ጨረስን፤ ቤት የለወጠ፣ የሞተ፣ ታንከር ያስገባ። አንዲት ሴትዮ፣ «ዓሣ? የቱ ዓሣ? እኔ አበባ ነው የሰጠሽኝ» ብላ ተከራከረችኝ። ወናጎ ሄድን፤ የጥምቀቱ ገንዳ በሴራሚክ ተለብጦ ፏ ብሏል፣ ክሎሪን ይሸታል። ጅረቱ ውስጥ ገብቼ ግማሽ ቀን በጭልፋ ቀዳሁ፤ የእንቁራሪት ልጆች ብቻ። በዚህ መሃል ነው የሥራ ዘመኔ ያለቀውና ከአቶ ጌታቸው ፊት የቆምኩት።

ከጡረታው በኋላ ቤት ተቀመጥኩ። ባዶዎቹን ሳፋዎች ልብስ አጥብባቸው ጀመር። ዘነበች ግን አልተወችኝም።

«አንድ ስም ቀርቷል። አየለች፣ ኢዲዶ ይላል።»

«እዚያ ብርድ ነው። አይረቡም። ከሥሩ ያለውን አንብቢው፣ ጽፌዋለሁ።»

«መጻፉን ጽፈሻል። ሄደሽ አይተሻል ወይ?»

እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር። ሁለት ሴትዮ ከአንድ ሹፌር ኋላ፣ መሃላችን ጀሪካን። ዘነበች በየጉድጓዱ አንድ ቅዱስ ትጠራለች። ሹፌሩ፣ «እማማ፣ ቅዱሳኑን አትጨርሻቸው፤ መመለሻም አለ» ይላታል። ወቅቱ የለቀማ ስለነበር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና በማስጫ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ።

አየለች ከሩቅ አወቀችኝ። እሷ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙም አይለይም፤ «እትዬ ብርቄ መጣ! ኧረ እትዬ ብርቄ መጣ!» እያለች አቀፈችኝ። ጠፋሽ ብላ ተቆጣች፣ አረጀሽ ብላ ሳቀች፣ ጉልበትሽን ምን ነካው ብላ ጠየቀች። እኔ ግን ስለ ዓሣዎቹ መጠየቅ ፈራሁ። የለም ከምትለኝ ሳልሰማ ብመለስ ይሻለኝ ነበር። ዘነበች ናት ፍርጥ ያደረገችው።

«ድሮ ዓሣ ሰጥታሽ ነበር። አሉ?»

አየለች ግራ ገባት። «ሠራተኞቼ? የት ይሄዳሉ?»

በችግኙ መደብ ዙሪያ አልፈን ወደ ገንዳው ሄድን። ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። በአንዱ ጫፍ ሣር በቅሎ ሥሩን ውሃው ውስጥ ዘርግቷል። ወደ ጎን ቆሜ ጎንበስ አልኩ።

ነበሩ። ትልልቆቹ ከሥር፣ ጎናቸው ላይ ሦስቱ ነጥብ ቁልጭ ብሎ። መካከለኞች ከላያቸው። ሥሩ መሃል ደግሞ ሁለት ዓይንና አንድ ክር የሆኑ፣ ከተፈለፈሉ ሳምንት ያልሞላቸው፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ዘነበች ያመመኝ መስሏት ክንዴን ያዘች፤ ቀና ብዬ ሳያት እሷም ነፍሷ ተመልሶ በነጠላዋ ፊቷን ትጠርጋለች።

እጄን ውሃው ውስጥ ሰደድኩ። ለብ ያለ ነው። ድንጋዩ ፀሐዩን ቀን ጠጥቶ ማታ ይመልሳል። ገደብ ላይ እኔ ሳፋዎቼን በረንዳ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ብርዱን ያመጣሁት ራሴ፤ ደብተር ላይ ግን ያሳበብኩት በአገሩ።

«ቃጫ አትጠቀሚም?» አልኳት።

«ለምን?»

«እንቁላላቸውን ይበሉታል እኮ!»

«ይብሉ። የተረፈው ይበቃኛል።»

«ስንት ናቸው? ትቆጥሪያለሽ?»

«ኧረ እትዬ ብርቄ፣ እኔ ቡና አለኝ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ለምን ሠራተኞች እንደምትላቸው ጠየቅኳት። ችግኝ ከማጠጣቷ በፊት ጠዋት መጥታ ታያቸዋለች። ወደ ታች ወርደው የሚጫወቱ ከሆነ ውሃው ደህና ነው፤ ትቀዳለች። አንድ ጠዋት ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው አገኘቻቸው። ስታጣራ የአረም መድኃኒት መርጫ የታጠበበት ባልዲ ገንዳው ውስጥ ተነክሮ ነበር። ያን ቀን አላጠጣችም። ዓሣዎቹን በወንፊት አውጥታ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ተረፈ፣ ከችግኙ ግን አንድም አልተቃጠለም። ይህን የሰሙ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች መጥተው ለመኗት።

«ሰጠሻቸው?»

«አዎ። ታች ሰፈር ሦስት ሰው። እነሱም ለሌላ ሰጥተዋል። ለማን እንደሆነ እንጃ፣ እኔ አልጠየቅኩም።»

እኔ በደብተር፣ በቃጫ፣ በአስኳል፣ በቆጠራ የያዝኳቸው አለቁ። እሷ እየሳቀች ያስቀመጠቻቸው የት የት እንደደረሱ እንኳ አይታወቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅር ይለኝ ነበር ይሆናል። የዚያን ቀን ግን ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ ያህል ነው የቀለለኝ። የሚያልቁበት መንገድ የለም። እኔ ባልቆጥራቸውም አሉ።

በጀሪካኑ ሃያ ያህል ይዘን ተመለስን፤ ክዳኑን ከፍተን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተራ በተራ እየታቀፍን። ዲላ እንደደረስን ግማሹን ለዘነበች ሰጠኋት። «እኔ?» አለች ደንግጣ፣ «ከዚያ ሁሉ በኋላ?» ሙቀጫውን ለማገዶ ፈልጣዋለች፤ ከእሷ የበለጠ የሚጠነቀቅ ሰው ከየት አገኛለሁ? ዶሮዎቿ ገንዳው ላይ እንዳይወጡ ወንፊት ሰፍታለታለች። ሌሎቹን በፍሪጁ ውስጥ ለቀቅኳቸው፤ እንደገና መርባት ጀምረዋል።

ባለፈው ወር ልጄ ሁለተኛዋን ወለደች። ሐዋሳ ሄድኩና ሁለት ቀን ሳይሆን አርባ ቀን እቀመጣለሁ አልኩ። የግቢዬን ቁልፍ ለዘነበች ሰጥቻታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ደወለች። አንዷ ዶሮ መታቀፏን፣ መብራት ሦስት ቀን መጥፋቱን፣ ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ መግባቱን፣ የሠፈራችን ዕድር ዳኛ ሊቀየር መሆኑን አወራችኝ። እኔም የሕፃኗን ፀጉር ብዛት አወራኋት። ሳቅን፣ ተመራረቅን፣ ስልኩን ዘጋን።

ልጄ አልጋው ላይ ሆና ታዳምጠን ኖሯል። «እማዬ፣ ዓሣዎቹስ ደህና ናቸው?» አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ውይ፣ አልጠየቅኳትም» አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ» አልኳትና ሕፃኗን ተቀበልኳት።